በርኖሱ የማን ነው?

ጥያቄው የተነሣው በዶርማችን ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ነበር፤ ውርጩ ሌሊት ሌሊት የመስኮቱን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። ከአልጋዬ ሥር ከገፋሁት ሻንጣ የጥቁር በርኖስ ጫፍ ወጥቶ ይታይ ኖሯል። ከከተማ የመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገውና «ይኼ የማን ነው?» አለ። በክፋት አልነበረም የጠየቀው። ለመጥረጊያ የመጣ መስሎት ይሁን ወይም ሊደርበው ፈልጎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ምላሴ ቀደመኝ። «የኔ አይደለም። አንድ ዘመድ አደራ ብሎ ትቶት ሄዶ ነው» አልኩ።

በርኖሱ የኔ ነበር። ፈትሉን የፈተለችው እናቴ ናት። ከቀየት ስነሣ በማለዳ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንገቴ ሥር አስተካክላ፣ «ብርድ አይንካህ» ብላ የሸኘችኝ በዚያ ነው። እኔም አውቶቡሱ ከተማ ሳይገባ አውልቄ በሻንጣ ከተትኩት። በዚያ ምሽት ደግሞ በአንድ ቃል ካድኩት። ዶሮም አልጮኸም፤ ሁላችንም መብራት አጥፍተን ተኛን።

ነገሩ ትንሽ ነው። ዳሩ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም። ለመሆኑ የካድኩት ምኑን ነው? ጨርቁን ነው? እናቴን ነው? ወይስ ራሴን? በእነዚህ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ነፃነት፣ ስለ ፍትሕና ስለ እውነት ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ልብስ ነው። ይሁን እንጂ እንደምታዩት ወዲያው ወደነዚያው ጥያቄዎች መልሶ ያመጣናል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ለጓደኞቼ ሳካፍል አንዱ ሳቀብኝ። «ሕዝብ የሚበላው ሲቸግረው አንተ ስለ ፋሽን ትፈላሰፋለህ? ልብስ ከብርድ ካዳነ በቃ፤ የቀረው የቅንጦት ጣጣ ነው» አለኝ። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለምና ቆም ብዬ ልመልስለት። እውነት ልብስ ከብርድ ለመዳን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ ያንን በርኖስ ለምን እክዳለሁ? ከሰልባጅ ተራ የገዛኋት ስስ ጃኬት ለዚህ ደጋ ምኗም አይደለች። ያን ክረምት በሙሉ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ሞቃቱ ልብሴ በሻንጣ ታጥፎ ነው ያሳለፍኩት። እንግዲህ አስቡት፤ ለመታየት ስል በረደኝ። አካሌ አንድ ነገር ሲለምን ሌላ ነገር አሸንፎታል። ያ «ሌላ ነገር» ቅንጦት አይባልም። ቅንጦት ሲጠግቡ የሚመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቁርሴን እንኳ በወጉ አልበላም ነበር። ድኻም ሰው እንዴት እንደሚታይ ያስባል፤ እንዲያውም አብልጦ ያስባል። ስለዚህ ጥያቄው የሆድ ጥያቄ ሳይመለስ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ልብሱ ምን እንደሆነ ለማያውቀው አንባቢ ልንገረው። የአገራችን የሽመና ሙያ ባመዛኙ የጥጥ ነው። ጋቢውም፣ ኩታውም፣ ነጠላውም፣ ቀሚሱም ጥጥ ነው። ጥጥ ግን የቆላ ተክል ነው፤ መንዝና ግሼን በመሰለ ደጋ ላይ አይበቅልም። የጓሳን ሜዳ ያየ ሰው ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ የሚነፍሰውን ነፋስ አይረሳውም። ይህን አገር ያለበሰው በግ ነው። የመንዝ በግ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ፀጉሩ ሸካራ ነው። ከዚያ ሸካራ ፀጉር ነው ባናው፣ ዝተቱና በርኖሱ የሚሠሩት።

በጉ ይሸለታል። ፀጉሩ ይታጠባል፤ አሜኬላውና ጉድፉ አንድ በአንድ ይለቀማል። ከዚያ ይነደፋል፤ ተነድፎ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። ለአንድ በርኖስ የሚበቃ ፀጉር ከአንድ በግ አይገኝም፤ ጥቁር ጥቁሩ ከጎረቤትም እየተለመነ፣ እየተገዛ ይጠራቀማል። ቀለም አይነከርም፤ ጥቁረቱ የበጎቹ ነው። ፈትሉ የሴቶች ሥራ ነው፤ ሴቲቱም የምትፈትለው እንጀራ ጋግራ፣ ውኃ ቀድታ፣ ከብት አስገብታ በተረፋት ሰዓት ነው። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔ ይወሰዳል። እሱም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየላከ፣ ድሩን ከማጉ ያጋባል። እናቴ የራሷን ፈትል ከሌላ ሴት ፈትል በጣቷ ብቻ ትለየዋለች። «ፈትል እንደ ድምፅ ነው፤ በጨለማም ይታወቃል» ትል ነበር። ልጅ ሳለሁ የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ግን ይህች ንግግሯ ለመጀመሪያው ጥያቄዬ በር ከፈተችልኝ። እኛ ተማሪዎች «ስታይል» ስንል የገዢውን ምርጫ ማለታችን ነው፤ እገሌ ስታይል አለው ስንል ልብስ መምረጥ ያውቃል ማለታችን ነው። እንደ እናቴ አባባል ከሆነ ግን መልክ ልብሱ ውስጥ የሚገባው ለባሹ ከማየቱ በፊት ነው። ክሩ ጠበቅ ያለ ወይም ላላ ያለ፣ ቀጭን ወይም ወፈር ያለ የሚሆነው በፈታይዋ እጅ ነው። የመጀመሪያው ስታይል የሠሪው ነው።

ታዲያ ለባሹ ምንም የለውም ማለት ነው? አይደለም። እዚህም ላይ አባቶቻችንን እንጠይቅ። አንድ ሰው ምናልባት ዕድሜ ልኩን ሁለት ወይም ሦስት ኩታ ነበረው። ነገር ግን በዚያ በአንዱ ኩታ ስንት ነገር ይናገርበታል! ታላቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ያደገድጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መስቀልያ ያጣፋል፤ ኀዘን ላይ ሲቀመጥ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ ፊቱ ያመጣዋል፤ ደስ ያለው ቀን ደግሞ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደረቱን ይነፋል። አላፊ አግዳሚው ገና ከሩቅ አይቶ «ምነው፣ ምን ሆኗል?» ይላል። ጨርቁ አንድ ነው፤ አነጋገሩ ግን ብዙ። በሌላ አነጋገር የግል ስታይል የልብስ ብዛት አይደለም። በጃችን ባለው ነገር እውነት መናገር መቻል ነው። በዚህ መመዘኛ ሲታይ አምስት ጃኬት ያለው ተማሪ ዲዳ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ኩታ ያለው ገበሬ ደግሞ አንደበተ ርቱዕ።

እስከዚህ ድረስ ስጽፍ ነገሩ የቀና መስሎኝ ነበር። «ባህሌን ናቅሁ፣ ፈረንጅ መሰልኩ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ወደ አባቶቼ ልመለስ» ብዬ ልጨርስ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንብበን አጨብጭበን እንረሳዋለን። ነገር ግን አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። ወደ አባቶቼ ስመለስ ምን አገኛለሁ?

ቃላችንን እንመርምር። በአማርኛ ጥበብ ማለት ዕውቀት ነው፤ የሰሎሞንም ጥበብ ጥበብ ይባላል። በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውም ያሸበረቀ ጌጥ ስሙ ጥበብ ነው። ቋንቋችን ሸማኔውንና ፈላስፋውን በአንድ ቃል አክብሯቸዋል። እንዲህ ያለ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ሠሪውን ምንኛ ቢያከብር ነው! ትላላችሁ። ኧረ ተዉኝ! ከዚሁ ቃል ጋር የሚዛመደው «ጠይብ» ምን ሆነ? ስድብ ሆነ። በሰሜን ሸዋ ብረት የቀጠቀጠውን፣ ሸክላ የሠራውን፣ ሸማ የሸመነውን ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አራቅነው። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን፣ በእንስራው ውኃ ጠጥተን፣ በሸማው አጊጠን፣ ዓይኑን ግን ፈራነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ አገር ያጠፋ ስለ መሰላቸው ነው። ዐዋጅ የሚታወጀው ነገሩ ስላለ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ በየመንደራችን ግን ስድቡ ጨርሶ ጠፋ የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

እዚህ ስደርስ ደነገጥኩ። እኔ በዶርም ውስጥ በርኖሱን ስክድ ከባህሌ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። አልወጣሁም። የባህሌን አንዱን ክፉ ልማድ ነው በትክክል የፈጸምኩት። አያቶቼ ሸማውን ወድደው ሸማኔውን ናቁ፤ እኔ ደግሞ የእናቴን ሙቀት ወድጄ እጇን አፈርኩበት። ልዩነታችን እነሱ ልብሱን በግልጽ መልበሳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ «ወደ ባህላችን እንመለስ» የሚለው መፈክር ብቻውን አያድነኝም። ወደየትኛው ባህል? ወደ ጥበቡ ወይስ ወደ ስድቡ?

«እንግዲያስ የፋብሪካውን ልብሰህ ተገላገል፤ ማሽን አይሰደብም» ይለኝ ይሆናል ሌላው ጓደኛዬ። ይህም አይሆንም። ማሽን ብቻውን ልብስ አይሰፋም። በ2013 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ለሩቅ አገር ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ። ሩቅ ነው እንዳንል ደግሞ ወደ ቤታችን እንምጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ለብዙ ሺህ ወጣቶች ተስፋ ሆኖ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት የወጣው ጥናት ግን የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳየ፤ ይህም በጊዜው ከዓለም ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመግቢያ ዕድሉን ከኢትዮጵያ ላይ ስታነሣ ደግሞ ያችውን ደመወዝ ያጡ ብዙዎች ናቸው። የነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ የኛ እኩዮች፣ የኛው የክፍል ጓደኞች የነበሩ ናቸው። ያቺ ስስ ጃኬቴም ማን እንደሰፋት አላውቅም እንጂ እጅ ነበራት። በርኖሱን ስክድ የማውቀውን እጅ ካድኩ፤ ጃኬቷን ስለብስ የማላውቀውን እጅ ካድኩ። ማምለጫ የለም።

ታዲያ ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ሞከረው? ጋንዲ በ1921 እ.ኤ.አ. በማዱራይ ከተማ ሳለ ልብሱን አውልቆ እንደ ድኻው ገበሬ ሽርጥ ብቻ ታጠቀ። እሱ ግን ሌላውን ፍተሉ ብሎ አልተቀመጠም፤ እንዝርቱን በገዛ እጁ አሽከረከረ። ቶማ ሳንካራ ደግሞ ቡርኪናፋሶን በመራባቸው ዓመታት፣ ከ1983 እስከ 1987 እ.ኤ.አ.፣ የመንግሥት ሠራተኞች ፋሶ ዳን ፋኒ የተባለውን በአገራቸው ጥጥ የተሸመነ ልብስ እንዲለብሱ አዘዘ። ለሸማኔ ሴቶች ገበያ ተገኘ፤ መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ሠራተኛ ልብሱን ቢሮ ውስጥ ሰቅሎት እየዋለ መሪው መጣ ሲባል ብቻ ይደርበው ነበርና ሕዝቡ ልብሱን «ሳንካራ መጣ» የሚል ስም አወጣለት። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ልብስን ማዘዝ ይቻላል፣ መውደድን ግን ማዘዝ አይቻልም።

ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን እንደ ደጋችን ነፋሻና በግ በግ የሚሸት አገር ነው። በስኮትላንድ ምዕራብ ባሉ ደሴቶች የሚሠራ ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሠረት ያ ስም ሊሰጠው የሚችለው የደሴቶቹ ሰዎች በየቤታቸው በእጅ የሸመኑት ጨርቅ ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ «ጨርቁ እንዲህ ይምሰል» አላለም። ቀለሙን፣ ሥርዓቱን፣ ከዚያ የሚሰፋውን ልብስ ለሰው ምናብ ተወው። የያዘው ሠሪውን ነው። መልኩ ይለወጥ፣ እጁ ግን አይሰወር ነው ነገሩ። በኛም አገር ይህን መንገድ የጀመሩ አልጠፉም። ሊያ ከበደ ከዓለም ታላላቅ ሞዴሎች አንዷ ሆና ሳለ ወደ አገሯ ስትመጣ ሸማኔዎች ገበያ ማጣታቸውን አይታ በ2007 እ.ኤ.አ. «ለምለም» የተባለውን ድርጅት መሠረተች፤ ፍቅርተ አዲስም በ«የፍቅር ዲዛይን» የእጅ ሽመናን ወደ ዘመናዊ አቆራረጥ አምጥታለች። እነዚህ የተሠማሩት በጥጡ ነው። የደጋው በርኖስ ገና ተራውን ይጠብቃል። በንጉሡ ዘመን የተተከለው የደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ስማችንን ከብርድ ልብስ ጋር አያይዞታል፤ በእጅ የሚሠራው ግን በየገበያው ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ ቱሪስት ወይም መነኩሴ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት የግቢያችን ልጅ ልናገር፤ ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች። ምህንድስና ነው የምታጠናው። አልጋዋ ሥር ግን መርፌና መቀስ፣ የባና ቁርጥራጭና አንድ ከሴት አያቷ የወረሰችው ሲንጀር አለ። አሮጌ ባና ገዝታ እስከ ወገብ የሚደርስ ጃኬት ትሠራለች፤ እጅጌው ላይ የጥበብ ቅዳጅ ትሰፋበታለች። ከመቁረጧ በፊት ጨርቁን ቀናት ሙሉ ታገላብጠዋለች፤ ድሩ ወዴት እንደሚሄድ በጣቷ ትከተለዋለች። «ዝም ብለሽ ብትቆርጪውስ?» ብላት «ሰው ሲናገር አቋርጠህ ትገባለህ እንዴ?» አለችኝ። ዲፕሎማውን ለአባቷ ሰጥታ መርፌውን ለራሷ ልትይዝ አስባለች። ቤተሰቦቿ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ «ለልብስ ሰፊነት ነው ይህን ያህል ዓመት ያስተማርንሽ?» ይሏታል። ይኸውላችሁ፤ ያ የድሮ ስድብ ካባውን ለውጦ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ባለፈው ዓመት በርኖሱን አውጥቼ ወሰድኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ነው ያልኩት ለእሷ ነው። ዘርግታ አየችው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የፈተለችውን ሳላስፈቅድ መቀስ አላነሣም» አለች። ስለዚህ እቤት ደወልኩ።

«እማዬ፣ በርኖሱን አሳጥረን ጃኬት ብናደርገው ምን ይመስልሻል?»

ዝም አለች። አዘነች ብዬ ፈራሁ።

«ብርዱን ይይዝልሃል?» አለች።

«ይይዛል።»

«እንግዲያ ይቆረጥ። ቁራጩን ግን እንዳትጥለው፤ ላክልኝ፣ ለመቀመጫ ይሆነኛል።» ቀጥላም «ልጅቷ ትሸጠዋለች እንዴ እንዲህ ያለውን?» ብላ ጠየቀች። እንደምትሸጥ፣ በስንት እንደምትሸጥም፣ የፈታይዋንም ስም በውስጥ በኩል በክር ልትጽፍ እንዳሰበች ነገርኳት። እኔ በስሙ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስሌት ውስጥ ገብታለች።

«ከዚያ ውስጥ ለፈታይዋ ስንት ይደርሳታል?»

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷም ስጠይቃት ለጊዜው አልነበራትም፤ ኋላ ግን ደብተሯን አውጥታ እንደገና አሰበች፣ ዋጋውንም ቀየረች። እናቴ በመጨረሻ ያለችኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «ስም አይበላም ልጄ። ስሙንም ይጻፉ፣ ዋጋውንም ይክፈሉ።»

በፍልስፍና ክፍል ስለ ሥራ ክብር ያነበብኩት ሁሉ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገባልኝ። እኛ የተማርን ሰዎች ሠሪን ማክበር ስንል ማመስገን ማለታችን ነው፤ ግጥም እንጽፍለታለን፣ በባህል ቀን ልብሱን ለብሰን ፎቶ እንነሣለን። ምስጋና ያለ ዋጋ ግን ሌላው የመናቅ ዓይነት ነው። ዋጋ ያለ ስም ደግሞ የሐዋሳዋ ልጅ ደመወዝ ነው፤ ማንም ሆነች ማን ለውጥ የለውም። ሁለቱ እንደ ድርና ማግ ካልተጋቡ ጨርቅ አይወጣም።

አንድ ነገር ደብቄ እንዳላልፍ። እኅቴ ፈትል አትችልም። እናቴም አላስተማረቻትም፤ ሆን ብላ ነው ያላስተማረቻት። «እሷ ትማር፤ እኔ በጨለማ ዓይኔን የጨረስኩት ይበቃል» ትላለች። እንግዲህ እኔ በሞቀ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ «የእጅ ጥበብ አይጥፋ» ብዬ ስጽፍ ማን እንዲፈትል ነው የምፈልገው? እኔ እንዝርት ይዤ አላውቅም። ጋንዲ ይህን ዕዳ አውቆ በገዛ እጁ ፈተለ፤ እኔ ግን የሌላን ሰው ድካም ባህል ብዬ ስም አውጥቼ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ልጭነው አልችልም። ጥበቡ እንዲኖር ከተፈለገ እኅቴ ተምራም፣ ወድዳም፣ ኑሮ ሆኗትም ልትመርጠው የምትችል ሙያ መሆን አለበት። ግዴታ ሲሆን ባርነት ነው፤ መተዳደሪያ ካልሆነ ደግሞ የሙዚየም ዕቃ። ያቺ የምህንድስና ተማሪ የምትሞክረው ይህን ይመስለኛል፤ ሌላው ዲዛይኑ ነው፣ እሱንም ታውቅበታለች።

አሁን ወደ ዶርሙ ጥያቄ ልመለስ። በርኖሱ የማን ነው? የለባሹ ብቻ ነው ያልን እንደሆነ እጁን ረገጥን። የሠሪው ብቻ ነው ብንል ደግሞ እናቴ ራሷ ትስቅብናለች፤ ሰጥታኛለቻ! ይቆረጥ ስትል እንኳ ዐልተጨነቀችም። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ልብስ የኔ የሚሆነው ማን እንደሠራው ስጠየቅ ሳላፍር መናገር የቻልኩ፣ ለሠሪውም ዕዳዬን የከፈልኩ ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ልቁረጠው፣ ላስረዝመው፣ ጥበብ ልጨምርበት፣ መብቴ ነው፤ ስታይልም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት የለበስኩት ሁሉ፣ በርኖስም ሆነ ጂንስ፣ የተዋስኩት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውንም ተረት እኔ እንደዚህ ነው የምረዳው፤ ወርቁ የሰው የሚሆነው ከውጭ አገር ስለመጣ ሳይሆን ባለቤቱን ስለካድነው ነው።

ጃኬቱ አልቆ የለበስኩት ቀን ያንን የክፍላችንን ልጅ ካፌ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። ሦስት ዓመት ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። «ታስታውሳለህ፣ ፍሬሽማን እያለን ከአልጋዬ ሥር ያየኸው በርኖስ የማን ነው ብለህ ጠይቀኸኝ...» አልኩት።

«የቱ በርኖስ?» አለኝ። ጨርሶ አያስታውስም። ከዚያ ጃኬቱን በእጁ ነካ አድርጎ «ይኼ ግን አሪፍ ነው፤ ከየት ገዛኸው?» አለ።

«አልገዛሁትም። እናቴ ናት የፈተለችው» አልኩት።

ይህን ለማለት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ለእናቴ ግን መካዴን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ይህች መጽሔት ስትወጣ አንዱን ቅጂ ለእኅቴ እልካለሁ፤ እሷ ታነብላታለች። በኋላ ስደውል የምትለኝን እሰማለሁ።